ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ፦ ኮዱን ከመብራቱ ላይ እናንብብ

መኪና አልነሳ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ ባትሪውን ነቅሎ ይመልሳል። እባካችሁ፣ ኮዱን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ ሳታነቡ ይህን አታድርጉ። በአሮጌ መኪና ላይ ባትሪው ሲነቀል ኮምፒውተሩ የያዘው ኮድ አብሮ ይጠፋል። ያላችሁን ምስክር በገዛ እጃችሁ አባረራችሁ ማለት ነው።

የማወራው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለተሠሩ ኢንጀክሽን ያላቸው (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው) ቶዮታዎች ነው። ባለ 16 ፒኑ የመመርመሪያ ሶኬት ገና አልገባላቸውም። ስካነር አያስፈልጋቸውም፤ ቁራጭ ሽቦና ትዕግሥት ይበቃል።

ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው) ጨርሶ ዝም ካለ ወይም ጠቅ ብሎ ከቀረ ኮድ ፍለጋ አትድከሙ። ነገሩ ባትሪ፣ የባትሪ ጫፍ፣ ማሳ (ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ሽቦ) ወይም ሞተሪኖው ራሱ ነው። እዚህ ያለው ምክር ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ለማይነሳ መኪና ነው።

አሁን ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና ዳሽቦርዱን እዩ። የቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ፣ አምፖሉም ካልተቃጠለ፣ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም። የኢኤፍአይ (EFI፣ የነዳጅ መርጫው) ፊውዙንና ዋናውን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ማብሪያ) ፈትሹ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ካንዴላ መፍታት ይጀምራል።

መብራቱ ከበራ ቁልፉን ዝጉና ኮፈኑን ክፈቱ። ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሳጥን አለ። የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የሚሉትን በሽቦ አገናኙ። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኩ ተጠንቀቁ፤ ሲደመር ቢ (+B) የሚለው የባትሪ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። ኤሲና ሬዲዮ ይጥፉ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ነዳጅ መስጫውን አትርገጡ። ከዚያ ቁልፉን ኦን አድርጉ።

መብራቱ በእኩል ፍጥነት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ የተያዘ ኮድ የለም። አንዴ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ ሁለቴ ብልጭ ካለ 12 ነው። ኮዱ ከአንድ በላይ ከሆነ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ረዘም ያለ ፋታ ወስዶ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ዙር ቁጠሩ፣ ወረቀት ላይም ጻፉ። ባትሪው ቀድሞ ተነቅሎ ከነበረ መጀመሪያ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

መኪናን አላስነሳ የሚሉት ኮዶች ጥቂት ናቸው። 14 ካለ ከኢግናይተሩ (የካንዴላውን እሳት ከሚያስነሳው ክፍል) የሚመለሰው ምልክት ጠፍቷል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ መርጨት ያቆማል። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው፤ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ያስቸግራል። 41 ካያችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ የትሮትል ሴንሰር ብቻውን መኪና አያስቆምም።

12 እና 13 ግን ሰፊ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን የሚነግረውን ምልክት አላገኘም። ምልክቱ ከሌለ እሳትም ነዳጅም የለም። ምልክቱን የሚሰጠው ሴንሰር ያለው እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሮጦ ዲስትሪቢውተር የሚገዛው። ኮዱ «ምልክት አልደረሰኝም» አለ እንጂ «ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም።

አንድ ኮሮላ ሌላ ቦታ ዲስትሪቢውተር ተቀይሮለት፣ ያው 12 ኮድ እንዳለበት መጣልኝ። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ፈትቼ ሰው ሞተሪኖውን እንዲያዞር አደረግኩ። ውስጡ መዞር የነበረበት ሮተር ንቅንቅ አላለም። ከሞተሩ ጋር ሆኖ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሷል። አዲሱ ዲስትሪቢውተር ምንም ችግር አልነበረውም፤ የሚያዞረው ነበር ያጣው። ስለዚህ 12 ስታዩ መጀመሪያ ክዳኑን ፍቱና ሮተሩ መዞሩን እዩ። ወጪው ሁለት ብሎን መፍታት ነው።

ሮተሩ ከዞረ የዲስትሪቢውተሩን ሶኬት ነቅላችሁ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። የዲስትሪቢውተሩ ጎማ ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዘይቱም ሽቦውን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነው ወይም ወደ ኋላ ገብተው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የሴንሰሩን የሽቦ ጥቅል ለኩ። በአብዛኛው ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተሩ ማኑዋል ላይ እዩ። ስትለኩ ሽቦውን በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተቆርጧል።

ኮድ ጭራሽ ከሌለስ? ካንዴላው እሳት ይሰጥ እንደሆነ እዩ። እሳት ካለ ፓምፑን ፈትሹ። እዚያው ሳጥን ውስጥ ኤፍፒ (FP) እና ሲደመር ቢ የሚሉትን አገናኙና ቁልፉን ኦን አድርጉ፤ ታንከሩ አካባቢ የፓምፑ ድምፅ መሰማት አለበት። ፓምፑ በዚህ መንገድ ሠርቶ በቁልፍ ካልሠራ ሪሌውንና መስመሩን ተከተሉ። እነዚህ መኪኖች ፓምፑ ደክሞ ግፊት ቢያንሰው ኮድ አይሰጡም። የቤንዚን ሽታ ካለ ግን ሁሉን ትታችሁ የሚያፈሰውን ፈልጉ።

ጥገናው ሲያልቅ ቁልፉን ዝጉና የኢኤፍአይ ፊውዙን ከ10 ሰከንድ በላይ ነቅላችሁ መልሱ። ኮዱ ይጠፋል። መኪናውን አስነሱ፣ ትንሽ ንዱት፣ ከዚያ እንደገና አንብቡ። ያው ኮድ ከተመለሰ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ ለኩት።