«ሕግ» ተብሎ ሲፈለግ ምንም አይገኝም፦ የቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ተማሪው ከውሰት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ባለው ኮምፒውተር ተቀምጦ በድረ ገጻችን የፍለጋ ሳጥን ውስጥ «ሕግ» ብሎ ጻፈ። የመጣለት መልስ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቢያንስ ሦስት ሆሄ ያለው ቃል አስገባ ይላል። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች የሕግ መጻሕፍት ነው። ዞር ብሎ አየው፣ ኮምፒውተሩን ተወውና ወደ መደርደሪያው ሄደ።

እኔ በዚያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ ድረ ገጻችን በተሠራበት ሶፍትዌር፣ በድሩፓል ላይ ጣልኩ። «አማርኛ የማይችል ሶፍትዌር ነው» ብዬ ድረ ገጹን አፍርሼ በሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ፣ በዎርድፕረስ ልሠራው ተነሥቼ ነበር። አለማድረጌ በጀኝ። ድሩፓልም ዎርድፕረስም፣ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚያዝበት ኮሃም አማርኛ ይችላሉ። ችግሩ ሲጫኑ ይዘዋቸው የሚመጡት ቅንብሮች ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ የዘመን አቆጣጠርና ሌላ የስም ሥርዓት ታስቦባቸው የተቀመጡ መሆናቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

አጭር ቃል ሲፈለግ አይገኝም

ድሩፓል ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ፍለጋ ከሦስት ሆሄ ያነሰ ቃል ወደ ማውጫው፣ ማለትም ሲፈለግ ወደሚመለከተው የቃላት ዝርዝር፣ አያስገባም። ለእንግሊዝኛ ይህ ብልህነት ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሁለት ሆሄ ያለው ቃል ብዙውን ጊዜ መስተዋድድ ስለሆነ ማውጫውን ከማጨናነቅ ውጪ ጥቅም የለውም። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ይይዛል። ሕግ፣ ቡና፣ ጤፍ፣ ጤና፣ ሥራ፣ ቤት፣ ውኃ፦ አንባቢ በብዛት የሚጠይቃቸው ጉዳዮች ሁለት ሁለት ሆሄ ናቸው። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁሉ እንደ ገለባ አበጥሮ ይጥላቸዋል።

መፍትሄው አንድ ቁጥር መቀየር ነው። በአስተዳዳሪ መለያ ግቡና በማዋቀሪያው ውስጥ የፍለጋ ገጾችን ቅንብር ክፈቱ። የቃል ዝቅተኛ ርዝመት ከሚለው አጠገብ ያለውን 3 ወደ 2 ለውጡና አስቀምጡ። ወደ 1 ማውረድ አያስፈልግም፤ ብቻውን የሚቆም ሆሄ አብዛኛውን ጊዜ የስም አሕጽሮት ወይም የክፍል ምልክት ነው። ከዚያ ማውጫው ከመጀመሪያው እንዲሠራ የሚያዝዘውን ቁልፍ መጫን አትርሱ። እኔ ረስቼው ቁጥሩን ለውጬ ወዲያው «ሕግ» ብዬ ፈለግሁ፣ አጣሁ፣ ድጋሚ ድሩፓልን ረገምሁ።

በሌላ ሶፍትዌር ላይ ያላችሁም አትዘናጉ። ዎርድፕረስ የራሱ ፍለጋ የሆሄ ብዛት አይገድብም፤ ነገር ግን ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የመረጃ ቋት የሙሉ ጽሑፍ ማውጫ የሚጠቀም ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ካከላችሁበት ገደቡ በመረጃ ቋቱ በኩል ይመጣል። ኢኖዲቢ ለሚባለው የሠንጠረዥ ዓይነት 3፣ ለቆየው ዓይነት ለማይአይሳም 4 ሆሄ ነው። በኋለኛው «አድዋ» እንኳ አያልፍም። ይህን ቁጥር ለመለወጥ የመረጃ ቋቱ ተዘግቶ መነሣት፣ ማውጫውም ዳግም መሠራት ስላለበት በጋራ ሰርቨር ላይ የምትኖሩ ፕለጊኑን መተው ይቀላችኋል።

ጽሑፉ ገጹ ላይ ይታያል፣ ፍለጋው ግን አያውቀውም

አዲስ የገቡ መጻሕፍትን ዝርዝር ትጭናላችሁ። ገጹ ይከፈታል፣ ርዕሱም ይነበባል። በፍለጋ ግን የለም። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ ወረፋ ነው። ድሩፓል ማውጫውን የሚያድሰው ክሮን የሚባለው የጊዜ ሰሌዳ ሥራ በተነሣ ቁጥር ሲሆን በአንድ ዙር የሚያነሣው 100 ገጽ ነው። ክሮኑ ደግሞ ካልነካችሁት በየ3 ሰዓቱ ነው የሚዞረው። 6,000 መዝገብ በአንድ ቀን የጫነ ሰው 60 ዙር መጠበቅ አለበት፤ ይህም 180 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ቀን ተኩል ነው። ያም ሰው ገጹን እየከፈተው ከሆነ ነው። ይህ ክሮን የሚነሣው ጎብኚ ሲመጣ በመሆኑ ቤተ መጻሕፍቱ በተዘጋበት ሌሊት አብሮ ያንቀላፋል።

ሰርቨሩ ራሱ በየ15 ደቂቃው ክሮኑን እንዲቀሰቅሰው አድርጉ። ያው 6,000 መዝገብ በ15 ሰዓት ያልቃል።

«ፀሐይ» ይገኛል፣ «ጸሀይ» አይገኝም

ይህ ከሁሉም የሚከፋው ነው፤ ምክንያቱም ማሳሰቢያ እንኳ አይሰጥም። አንባቢው ምንም አልተገኘም ሲባል መጽሐፉ እኛ ዘንድ የለም ብሎ ይሄዳል። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይተዋወቁ ሆሄያት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። አንዱ መዝጋቢ «ኅብረት» ይላል፣ ሌላው «ህብረት»፣ ሦስተኛው «ሕብረት»። በአንድ ካታሎግ ውስጥ አንድ ማኅበር ሦስት ማኅበር ሆኖ ይኖራል።

መዝጋቢዎችን ሰብስቦ ስለ ትክክለኛ አጻጻፍ መምከር ጥሩ ነው፤ አድርጌዋለሁም። አንባቢውን ግን ማን ይመክረዋል? ስለዚህ ማስታረቁን ለማሽኑ መስጠት ይሻላል። ፍለጋችሁ ሶልር ወይም ኢላስቲክሰርች በሚባሉት ራሳቸውን በቻሉ የፍለጋ ፕሮግራሞች የሚሠራ ከሆነ ሆሄን በሆሄ የሚተካ ማጣሪያ አላቸው። ሐን እና ኀን በሰባቱም እርከን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አንድ ዝርዝር ታዘጋጃላችሁ። ሃ፣ ሓ እና ኃ ከሀ ጋር፣ ኣ እና ዓ ከአ ጋር ይገናኙ። ሁሉም ተደምሮ አርባ መስመር አይሞላም። ማጣሪያው ማውጫው ሲሠራም፣ አንባቢው ሲጠይቅም መሥራት አለበት፤ በአንዱ ወገን ብቻ ካስቀመጣችሁት ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። በገጹ ላይ የሚታየውን አጻጻፍ ግን አትንኩ። ደራሲው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በሠ ከጻፈው በሠ ይኑር።

ሶልር የሚያስጭን ሰርቨር የሌላችሁ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ለአንባቢ የማይታይ «ሌላ አጻጻፍ» የሚል መስክ ክፈቱና የርዕሱን ተለዋጭ አጻጻፎች ጻፉበት። አድካሚ ነው፤ ይሠራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። የድሩፓል የራሱ ፍለጋ ቃልን በሙሉ ነው የሚያነጻጽረው፤ «ቡና» ያለ ሰው «የቡና አመራረት» የሚል ርዕስ አያገኝም፣ የ ከፊቱ ተለጥፋለችና። ሰርች ኤፒአይ የሚባለውን የድሩፓል ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አስገብታችሁ በከፊል የሚገጥመውንም እንዲያመጣ ካዘዛችሁት የቡና፣ በቡና፣ ቡናችን ሁሉ ይመጣሉ፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። «ቤት» ብሎ የፈለገ «ቤተ መጻሕፍት»ን አያገኝም፣ ት ተ ሆናለችና። «መጽሐፍ» ያለም «መጻሕፍት»ን አያገኝም። ለዚህ የማውቀው ፈውስ የጥንቱ ነው፦ መዝጋቢው የጉዳይ ርዕስ በሥርዓት ሲሰጥ።

ፊደሉ ተሰብሯል

መጀመሪያ እንዴት እንደተሰበረ እዩ፤ አራት ዓይነት ነው፣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ቅርጸ ፊደል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በራሳችሁ ሰርቨር አስቀምጡና ገጹ ከዚያ እንዲወስድ አድርጉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። በኮሃ የመጽሐፍ ጀርባ መለያ ስታትሙ ሳጥን ከወጣም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ለማተሚያ የተመደበው ቅርጸ ፊደል የእኛን ሆሄያት ስለሌለው በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ሌላ መመደብ ነው።

ነጥብ ነጥብና ጭረት ያለባቸው እንግዳ የላቲን ሆሄያት ከታዩ ጽሑፉ አለ፣ የሚነበበው ግን በተሳሳተ ኮድ ነው። ድረ ገጽ ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ሲዛወር የሚደርስ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ጽሑፉ ያለበትን ዓምድ በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ 8፣ የእኛንም ፊደል ወደሚይዘው የዩኒኮድ ኮድ፣ ከለወጣችሁት ስሕተቱን ታጸኑታላችሁ። በመጀመሪያ ወደ ባይነሪ (ኮድ ያልተሰየመለት ጥሬ መረጃ)፣ ቀጥሎ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ለውጡት። ሁሉንም በቅጂው ላይ ሞክሩ።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አዝናለሁ። የመረጃ ቋቱ ላቲን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ እያንዳንዱን ሆሄ ሲጽፈው በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ዓምዱን አስተካክላችሁ ከመጠባበቂያ ቅጂ ወይም ከካርዱ እንደገና ማስገባት ነው። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የተገኙ የማርክ መዝገቦች (ማርክ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚለዋወጡበት ቅርጽ ነው) ወደ ኮሃ ሲገቡ ፊደላቸው ከተበላሸ ደግሞ የመዝገቡን መሪ፣ ማለትም በመጀመሪያው ላይ ያለውን የምልክቶች መስመር፣ ተመልከቱ። ከዜሮ ሲቆጠር በ9ኛው ቦታ ላይ የእንግሊዝኛው ትንሹ «ኤ» ሆሄ ካለ መዝገቡ ዩኒኮድ ነው ማለት ነው፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ የግእዝን ፊደል በማያውቀው በጥንቱ ማርክ 8 ይፈታዋል።

አራተኛው ንጹሕ ላቲን ሆኖ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጻፈው ፓወር ግእዝ በሚባለው የድሮ ቅርጸ ፊደልና በመሰሎቹ ሲሆን ከሥሩ ያለው የላቲን ቁልፍ ነበር። በመለወጫ ፕሮግራም አሳልፉት፤ ከዚያ በዓይን አንብቡት።

ዓመቱና ሰዓቱ ተዛብቷል

በአዲስ መጻሕፍት ገጽ ላይ በ2016 ዓ.ም የታተመው አማርኛ መጽሐፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ከታተመው እንግሊዝኛ ጋር ተደርድሮ ከታች ይወድቃል። ሶፍትዌሩ ቁጥር እንጂ ዘመን አያውቅም። ሁለት መስክ ይኑራችሁ፦ አንዱ በሽፋኑ ላይ እንዳለ ለማሳየት፣ ሌላው 2023 ወይም 2024 የተባለው ለመደርደር ብቻ። አንዱን ሠርዛችሁ በሌላው አትተኩ። የቀን መምረጫው ጳጉሜን አይቀበልም ብለው የሚያማርሩም አሉ፤ ለእሱ ተራ የጽሑፍ መስክ ይበቃል።

የሰዓቱ ነገር ግን የእኔው ኃፍረት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጀምር የንባብ ፕሮግራም 8:00 ብዬ አስገባሁ። የድረ ገጹ የሰዓት ክልል በግሪንዊች ላይ እንደተጫነ ኖሮ ገጹ 5:00 ብሎ አወጣው። ሰውም በአገሩ አቆጣጠር አንብቦ ልክ በ5 ሰዓት መጣ፤ ወንበሮቹ እየተነሡ ነበር። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጉ፤ ለሕዝብ በሚታየው ገጽ ላይም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉ።

ደራሲው በአባቱ ስም ተዘርዝሯል

አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ከወጣ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ገልብጦታል። በማርክ መዝገብ የ100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሁን፣ ይህም በራስ ስም ግባ ማለት ነው። በድሩፓልና በዎርድፕረስ ስሙን በአንድ መስክ ያዙት፤ ለሁለት አትክፈሉት።

ካታሎጉ በቢሮ ይከፈታል፣ ከቤት አይከፈትም

ከድረ ገጹ ወደ ኮሃ የሚወስደውን ማያያዣ አንብቡ። በ192.168 ከጀመረ የውስጥ መረብ አድራሻ ነው፤ ከግቢው ውጪ ትርጉም የለውም። የራሱ ንዑስ ስም ስጡትና ማያያዣውን ቀይሩ። አሳሹ ስለ ደኅንነት ካስጠነቀቀ የድረ ገጹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ቀን እዩ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው በ90 ቀን ያበቃል፤ የሚያድሰው ክሮን ቆሞ ይሆናል።

የመመረቂያ ጽሑፉ አልጫን አለ

ድሩፓልና ዎርድፕረስ የሚሠሩበት ፒኤችፒ ሲጫን የሚፈቅደው የአንድ ፋይል መጠን 2 ሜጋባይት፣ በአንድ ጊዜ የሚላከው ሁሉ ደግሞ 8 ሜጋባይት ነው። ስካን የተደረገ መመረቂያ ከዚህ ብዙ ይበልጣል። ሁለቱንም አሳድጉ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ይብለጥ። 413 የሚል ቁጥር ከመጣ ከልካዩ ገጹን ከሰርቨሩ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ነው፤ የእሱ ወሰን 1 ሜጋባይት ነው። ፋይሉ ከገባ በኋላ ውስጡ የማይፈለግ ከሆነ የጫናችሁት ፎቶግራፍ ነው፤ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ሥልጠና ስላለው በእሱ አስነብቡት።

ገጹ ነጭ ሆነ፣ ወይም ወደ ቁማር ማስታወቂያ ይወስዳል

ነጭ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ትናንት የተጫነ ፕለጊን ነው። በዎርድፕረስ የፕለጊኖቹን ማኅደር ስም በፋይል ማስተዳደሪያው በኩል ለውጡት፤ ሁሉም ሥራ ያቆማሉ፣ ገጹ ይመለሳል። ከዚያ ስሙን መልሳችሁ አንድ በአንድ አብሩ።

ቁማሩ ግን ተሰብሮ መገባት ነው፤ የታየውን ፋይል ብቻ ደምስሶ መተኛት አይቻልም። ድሩፓል በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ከባድ ቀዳዳ ሲገኝበት ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ድረ ገጽ ሁሉ ተሰብሯል ተብሎ እንዲቆጠር የራሱ የደኅንነት ቡድን አሳስቦ ነበር። ድሩፓል 7 ደግሞ ከጥር 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከማኅበረሰቡ ማስተካከያ አይወጣለትም፤ አሁንም በእሱ ላይ ያላችሁ ወደ አዲሱ መዛወር አለባችሁ። መዛወሩ እንደ ማደስ አይደለም፣ ገጽታው እንደገና ይሠራል፣ ጊዜ መድቡለት።

ለተሰበረው፦ ከመሰበሩ በፊት የተያዘውን መጠባበቂያ መልሱ፣ አድሱት፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ለውጡ። መጠባበቂያ ስል የመረጃ ቋቱንም የተጫኑት ፋይሎች ያሉበትንም ማኅደር ማለቴ ነው፤ ቋቱን ብቻ የያዘ ሰው ሽፋንና መመረቂያ የሌለው ዝርዝር ብቻ ይተርፈዋል። በወር አንድ ቀን ቅጂውን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ አንሡትና አንድ ሽፋን፣ አንድ ፒዲኤፍ ክፈቱ፤ በመጨረሻም «ሕግ» ብላችሁ ፈልጉበት።