ገመድ አልባ የውሻ አጥር፦ ከአተካከሉ እስከ ማስለመዱ

ገመድ አልባ የውሻ አጥር ውሻን ያለ ግንብና ያለ ሽቦ ግቢ ውስጥ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የተሰካ ማሰራጫ ዙሪያውን የሬዲዮ ሲግናል ይለቃል። ውሻው አንገት ላይ የታሰረው ተቀባይ ሲግናሉ በደንብ እስከደረሰው ድረስ ዝም ይላል። ውሻው ሲርቅና ሲግናሉ ሲደክም መጀመሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ካልተመለሰ ደግሞ አንገቱን በመጠኑ ይነዝረዋል። አሠራሩ ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ በደንብ መያዝ ያለበት ነገር ቢኖር ተቀባዩ የሚሠራው ሲግናል ሲያጣ መሆኑ ነው። ሲግናልን የሚያደክም ማንኛውም ነገር፣ ግቢው መሃል ላይም ቢሆን፣ ምንም ያላጠፋን ውሻ ሊያስነዝረው ይችላል። ቀጥሎ የሚነገሩት ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ለግቢዎና ለውሻዎ ይሆናል?

ክልሉ ክብ ነው፤ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። 20 በ30 ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። ማሰራጫው ልክ መሃል ላይ ቢቀመጥ እንኳ ክቡ በአጭሩ በኩል እንዳያልፍ ከመሃል እስከ ጠርዝ ከ10 ሜትር ማነስ አለበት። 9 ሜትር ቢደረግ ውሻው የሚያገኘው 254 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከ600 ካሬ ሜትሩ ከግማሽ በታች ደረሰው ማለት ነው፤ ማዕዘኖቹን አያገኛቸውም። ቤቱ ወደ አንድ ጥግ የተጠጋ ከሆነማ ከዚህም ያንሳል። እንዲህ ላለው ግቢ ሽቦ የሚቀበርበት ዓይነት ይሻላል፤ ሽቦው በፈለጉት ቅርጽ ይዞራልና። ገመድ አልባው የሚመቸው ቤቱ መካከል ላይ ለሆነ ሰፊ ቦታ ነው። የተለመዱት ማሰራጫዎች በየአቅጣጫው እስከ 27 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፤ ይህም 2,300 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ክብ ይሰጣል። ማሰራጫ የማይፈልጉ፣ በጂፒኤስ የሚሠሩ የአንገት ማሰሪያዎችም አሉ። ጂፒኤስ ግን በጥቂት ሜትሮች ሊስት ስለሚችል ለሰፊ እርሻ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይመከርም።

ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላውና መሠረታዊ ትእዛዝ የሚሰማ ቢሆን ይመረጣል። ብዙዎቹ ተቀባዮች 3.6 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ውሻ የተሠሩ ናቸው። ሰው የሚናከስ ውሻን በዚህ አጥር ብቻ ማቆየት አደገኛ ነው። ለምን ቢባል አጥሩ የሚያግደው ማሰሪያውን ያሰረውን ውሻ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ወይም ሌላ ውሻ ያለ ከልካይ ይገባል። በጣም ድንጉጥ፣ የታመመ ወይም ያረገዘ ውሻም ላይ አይጠቀሙበት። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ። ለምሳሌ በዌልስ የሚነዝር ማሰሪያ ለውሻና ለድመት መጠቀም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው።

ማሰራጫው የት ይቀመጥ?

ምድር ቤት፣ ከወለሉ ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረቅና ልጆች የማይነካኩት ቦታ ላይ። ከፍሪጅ፣ ከምድጃ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከማንኛውም ትልቅ ብረት ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት በር፣ የቆመ መኪና ሲግናሉን ይውጣሉ ወይም ያጣምሙታል። ግቢው ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ በዚያ በኩል ድንበሩ ካሰቡት ቀርቦ ይመጣል። ስለዚህ ማሰራጫው ላይ ያለውን የስፋት ቁጥር አይመኑ፤ ድንበሩን በእግርዎ እየሄዱ ይለኩት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማሰሪያውን ከውሻው አንገት ያውልቁና አብሮ የመጣውን ትንሽ የመሞከሪያ መብራት በሁለቱ የብረት ጫፎች ላይ ይግጠሙ። ማሰሪያውን በውሻው አንገት ከፍታ ልክ ዝቅ አድርገው ይያዙ። በደረትዎ ልክ ከያዙት የሚያገኙት ድንበር ውሻው የሚያገኘው ላይሆን ይችላል። ጣትዎን ሁለቱ ጫፎች ላይ አያሳርፉ። ከቤቱ ወደ ውጭ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ጢጥ ማለት የጀመረበት ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ባንዲራ ይትከሉ። ዝም እስኪል ወደ ውስጥ ይመለሱ፣ 3 ሜትር ወደ ጎን ይሂዱና ይድገሙት፤ ዙሪያውን እስኪጨርሱ። በማግስቱ አንድ ጊዜ እንደገና ይዙሩት። ድንበሩ ከቀን ቀን ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ያለ ነው፤ ለዚህም ሲባል ከመኪና መንገድ ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ይሁን። ቤት ውስጥም ማሰሪያውን ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ። ውሻው የሚተኛበት ጥግ ፍሪጅ ጀርባ ሆኖ ሲግናል የማይደርሰው ከሆነ ማወቅ ያለብዎት አሁን ነው።

ማሰሪያውን ማጥበቅና ማላላት

ብዙ ሰው መሣሪያው አይሠራም ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ውሻው ቆሞ እያለ ተቀባዩን ከአገጩ ሥር፣ ከአንገቱ ላይኛው ክፍል ያድርጉት። ሁለቱ የብረት ጫፎች ቆዳውን መንካት አለባቸው፤ ፀጉሩን ብቻ ከነኩ ምንም አይሰማውም። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ አብረው የሚመጡትን ረጃጅም ጫፎች ይግጠሙ፤ ተቀባዩን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ፀጉሩን ይክፈሉለት። ማሳጠር ይቻላል፤ እስከ ቆዳው መላጨት ግን ቁስል ይጋብዛል። ከዚያ አንድ ጣት በአንዱ ጫፍና በቆዳው መካከል ያስገቡ፤ ጥብቅ ብሎ ከገባ ልኩ ነው። ማሰሪያው ላይ የስም ብረት አያንጠልጥሉ፤ ጫፎቹን ከነካ ሥራውን ያበላሸዋል። የመሳቢያ ገመድም እዚሁ ላይ አይታሰር፤ ብረት የሌለው ሌላ ማሰሪያ ይጨምሩለት።

በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አይታሰር። በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ተቀባዩን ትንሽ ያንቀሳቅሱት፤ ማታ ሲያወልቁ ፀጉሩን ገለጥ አድርገው ቆዳውን ይዩ። ሁለት ቀያይ ነጥቦች ካዩ ብዙ ሰው ኤሌክትሪኩ አቃጠለው ብሎ ይደነግጣል። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጫፎቹ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት መጫናቸው ነው፤ ነዘራው ጠፍቶም ቢሆን ይህ ቁስል ይወጣል። እስኪድን ድረስ ማሰሪያውን አያድርጉለት። አንገቱንና ጫፎቹን በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ።

ማስለመድ፦ ሁለት ሳምንት

ማሰሪያውን አስሮ ውሻውን ግቢ ውስጥ መልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው። ድንገት የተነዘረ ውሻ ሕመሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ግማሹ ወደ ፊት ይፈተለካል፣ ግማሹ በረንዳ ላይ ተኮራምቶ ከቤት አልወጣም ይላል። ማወቅ ያለበት ወደ ቤት ከዞረ እንደሚያቆምለት ነው፤ ይህን ደግሞ በገመድ መርተው የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።

በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ተቀባዩን ድምፅ ብቻ ላይ ያድርጉት። 3 ሜትር በሆነ ገመድ ይዘውት ወደ ባንዲራዎቹ ይሂዱ። ጢጥ እንዳለ «ተመለስ!» ይበሉና ገመዱን ቀስ አድርገው ሳብ በማድረግ ወደ ውስጥ ያዙሩት። ድምፁ ሲጠፋ ወዲያው ያሞጋግሱት፣ የሚወደውን ቁራሽ ያጉርሱት። በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ባንዲራ ላይ ይድገሙ፤ በማግስቱ በሌላ በኩል። ድምፁን ሰምቶ ራሱ ፊቱን ሲያዞር ትምህርቱ ገባው ማለት ነው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነዘራውን በዝቅተኛው ደረጃ ያብሩ። ውሻው በራሱ ፍላጎት ባንዲራውን ካለፈ ሁለት ሰከንድ ያህል ጠብቀው ይመልሱት፤ ጎትተው እንዳያሳልፉት። ጆሮውን ቀጥ ካደረገ፣ አንገቱን ድንገት ካዞረ ወይም ካከከ ደረጃው በቂ ነው። ከጮኸ ወይም ጅራቱን እግሩ መሃል ካስገባ ዝቅ ያድርጉለት። ምንም ካልተሰማው ግን ደረጃውን ከፍ ከማድረግዎ በፊት የማሰሪያውን መጥበቅና ባትሪውን ይፈትሹ።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ፈተና ይጨመርበታል፦ ከድንበሩ ውጭ ኳስ ይወርወር፣ የቤት ሰው ይለፍ። ውጭ ያለው ሰው ውሻውን በስሙ እንዳይጠራው። ተጠርቶ ሲሄድ የተነዘረ ውሻ ጥሪን መፍራት ይጀምራል፤ ይህን ማስተካከል አጥሩን ከማስለመድ በላይ ይከብዳል። ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ያለ ገመድ፣ እርስዎ እያዩት፣ መጀመሪያ ለ15 ደቂቃ ከዚያም እያረዘሙ ይልቀቁት። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ባንዲራዎቹን አንድ እየዘለሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይንቀሏቸው። የማይቸኩል ውሻ ካለዎት እርስዎም አይቸኩሉ፤ ሦስት ሳምንት ቢፈጅ ምንም አይደለም።

ሲበላሽ

በደንብ የለመደ ውሻ ድንገት መውጣት ከጀመረ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይዩ፦ ባትሪው ደክሟል፣ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይም ፀጉሩ አድጎ ጫፎቹን ከቆዳው አርቋቸዋል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ግቢው ውስጥ አዲስ የመጣ ብረት ወይም መኪና ፈልገው ድንበሩን እንደገና ይለኩ። ድመት ሲያሳድድ ነዘራውን ችሎ የሚያልፍ ውሻም አለ። እንዲህ ያለውን ወደ አምስተኛው ቀን ልምምድ ይመልሱት፤ እስኪሻሻል ብቻውን አይለቀቅ። ወጥቶ ካገኙት መጀመሪያ ማሰሪያውን ያውልቁ፣ ከዚያ በገመድ ይዘውት ይመለሱ።

ማሰራጫውን ከሶኬት ከመንቀልዎ ወይም ስፋቱን ከመቀየርዎ በፊት ማሰሪያውን ከውሻው ያውልቁ። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፤ ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ ማሰራጫውን ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ያገናኙት።

ውሻውን ለሽርሽር ሲያወጡት ማሰሪያውን ቤት ውስጥ ያስቀምጡ፤ አስረውት መኪና ላይ ከጫኑት ከክቡ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ይነዘራል። በእግር ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ በር፣ በሌላ ማሰሪያና በገመድ፣ «እንሂድ» የሚል አንድ ቃል እየተናገሩ ያሳልፉት። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ቆሞ እምቢ ካለ አይጎትቱት፤ ትንሽ ከሆነ አቅፈው ያሻግሩት፣ ትልቅ ከሆነ መኪና ውስጥ አስገብተው ከድንበሩ ውጭ ያውርዱት።