የራስን ዲኤንኤ በላብ (በላቦራቶሪ) መፈተሽ፦ ባንዱ ለምን ጠፋ?

ተማሪው በላብ ኮርስ የራሱን ዲኤንኤ እንዲያይ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ፒቪ92 የሚባለው ቦታ ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሉ» የምትባለው 300 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ርዝመት ያላት ቁራጭ እዚያ ገብታለች ወይስ አልገባችም? ቦታው የሚባዛው በፒሲአር ነው፦ ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር ቁራጮች የሚባዛውን ቦታ ይመርጣሉ፣ ታክ የሚባለው ኤንዛይም ይገለብጠዋል። የተባዛው በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲሄድ በርዝመቱ ተለይቶ ባንድ (ሰረዝ) ሆኖ ይታያል። በብዛት በሚሠራበት የፕራይመር ጥንድ፣ ከገባች ጄሉ ላይ 941 ቤዝ፣ ካልገባች 641 ቤዝ የሆነ ባንድ ይወጣል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሁለቱንም ያሳያል። ቦታው ከበሽታ ጋር ስለማይያያዝ ክፍል ውስጥ ቢታይ ማንንም አያሳቅቅም።

ሥራው ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ፒሲአር ማሽኑ ላይ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቲዩቡ ማሽን ውስጥ ሳይገባ ያለቀ ነው፤ ከአፍ፣ ከሙቀት ወይም ከፍሪዘሩ ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት ኮንትሮሎቹን (ለማነጻጸሪያ የሚሠሩትን ቲዩቦች) እዩ። የታወቀ ዲኤንኤ ያለበት ቲዩብ ባንድ አውጥቶ የተማሪዎቹ ባዶ ከሆነ ችግሩ ናሙናው ላይ ነው። እሱም ባዶ ከሆነ ኤንዛይሙን፣ ማስተር ሚክሱን (የፒሲአር ቅልቅሉን) ወይም ማሽኑን ፈትሹ። ውሃ ብቻ ያለበት ቲዩብ ባንድ ካወጣ ደግሞ ብክለት አለ፤ የዚያን ቀን ውጤት ለማንም አትንገሩ።

ኮንትሮሉ ሠርቷል፣ የተማሪው መስመር ባዶ ነው

ዲኤንኤው የሚወጣው አፍ ከተጉመጠመጠበት የጨው ውሃ ነው፤ በሴንትሪፊውጅ ሲዞር የጉንጩ ሴሎች ታች ይዘቅጣሉ፣ ዝቃጩም ከቼሌክስ ጋር ይፈላል። ዝቃጩን አስታውሱ፤ መጠኑና ቀለሙ ምክንያቱን ይናገራል።

ትንሽ ከነበረ ተማሪው በደንብ አልተጉመጠመጠም። 0.9 በመቶ የጨው ውሃ (በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 9 ግራም ጨው) 10 ሚሊሊትር አፉ ውስጥ ይዞ፣ ጉንጩን በጥርሱ ቀስ አድርጎ እየፋቀ 30 ሰከንድ በኃይል ይጉመጥመጥ። ከተፋው ላይ 1.5 ሚሊሊትር በሴንትሪፊውጅ ከፍተኛ ፍጥነት ለ2 ደቂቃ ሲዞር የክብሪት ራስ የሚያህል ነጭ ዝቃጭ መቅረት አለበት። ካነሰ ላዩን ደፍታችሁ በዚያው ቲዩብ ላይ ሌላ 1.5 ሚሊሊትር ጨምሩና ድገሙ።

ዝቃጩ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከነበረ ጫት ነው። በዚህ አካባቢ ይህን ምክንያት ሳይጠይቁ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከውጭ የመጣው የላብ መመሪያም ስለ ጫት አንድ ቃል አይነግራችሁም። የቅጠሉ ብጣሽ ዲኤንኤ ስላለው ባንድ ያመጣል ብላችሁ አትስጉ፤ የሰው ፕራይመር እሱ ላይ አይያዝም። የሚጎዳው ታኒንና መሰሎቹ ናቸው፤ ከታክ ኤንዛይም ጋር እየተጣበቁ ሥራ ያስቆሙታል። ማታ የቃመ ጠዋት ጥርሱን ፍቆ ይምጣ። ከላብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ምግብም አይቅመስ፤ መጀመሪያ በተራ ውሃ ሁለቴ ተጉመጥምጦ ይትፋ፣ ከዚያ ወደ ጨው ውሃው ይሂድ። ቀለም ያለው ዝቃጭ ቢመጣም በንጹህ የጨው ውሃ በጥብጣችሁ እንደገና አዙሩ፤ ነጭ እስኪሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ዲኤንኤው ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ አትጣሉት። 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ አቅጥኑና ፒሲአሩን ድገሙ፤ አጋጁ ሲቀጥን ለፒሲአር የሚበቃ ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ቢኤስኤ (አጋጁን የሚይዝ ፕሮቲን) ካለ በ1 ማይክሮሊትር ሪአክሽን 0.2 ማይክሮግራም እንዲደርስ ጨምሩ።

ዝቃጩ ነጭና በቂ ከነበረ ቼሌክሱን ጠርጥሩ። የቼሌክስ እንክብሎች ሥራ ብረት ነክ አዮኖችን መያዝ ነው፤ አንድ ሁለቱ ወደ ፒሲአር ከገቡ ታክ የሚፈልገውን ማግኒዚየም ይወስዱበታል። ቲዩቡን እንደገና አዙሩና ከላይኛው ፈሳሽ 30 ማይክሮሊትር ብቻ ውሰዱ፤ የፒፔቱ ጫፍ ታች አይንካ። የተገላቢጦሹም ይደርሳል፦ እንክብሉ ቶሎ ስለሚዘቅጥ፣ 10 በመቶ ቼሌክሱን 100 ማይክሮሊትር እየቀዳችሁ ስታድሉ በየመሀሉ ካልናጣችሁት የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ውሃ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ሌላው ማፍላቱ ነው። መመሪያው 99 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይላል። ሐረር ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋም ከ96 ብዙ አይዘልም። የፈላ ውሃ ውስጥ የተነከረ ቲዩብ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በፒሲአር ማሽኑ ወይም በደረቅ ማሞቂያ ብሎክ ሥሩ፤ ከሌለ 15 ደቂቃ አቆዩና መሀል ላይ አንድ ጊዜ ናጡት።

ኮንትሮሉም ባዶ ነው

መብራት ጠፍቶ ከነበረ ኤንዛይሙ ሞቆ ይሆናል። ግሊሰሮል ስላለው በ20 ከዜሮ በታችም አይረጋም፤ ስለዚህ አይታችሁ መቅለጥ አለመቅለጡን አትለዩም። በትንሽ ኩባያ ውሃ አርጉና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ ቀልጦ ተመልሷል።

ፕሮግራሙ 94 ዲግሪ 2 ደቂቃ፤ ቀጥሎ 94 ለ1፣ 60 ለ1፣ 72 ለ2 ደቂቃ፣ 40 ዙር፤ መጨረሻ 72 ላይ 10 ደቂቃ ከሆነ ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጊዜው ጋር ከ3 ሰዓት ያልፋል። ለኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ ይህን ሁሉ አይሸከምም። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥል ወይም ከመጀመሪያው ይጀምር እንደሆነ በውሃ ቲዩብ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ታች ላይ ብዥ ያለ ደማቅ ነገር አለ

ከ100 ቤዝ በታች ከሆነ ፕራይመሮች እርስ በርስ ተጣብቀው የተባዙ ናቸው። ላቡ 35 ዲግሪ ሲሞቅ ታክ ጠረጴዛ ላይ እያለ ሥራ ይጀምራል። በረዶ ላይ ቀላቅሉ፤ ብሎኩ ከሞቀ በኋላ ቲዩቡን አስገቡ።

ሁሉም 641 ብቻ ነው፣ ወይም ሦስት ባንድ ይታያል

የመጀመሪያው የግድ ስህተት አይደለም። ቁራጩ በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ብዙም አይገኝም፤ በምሥራቅ እስያ ግን በብዛት አለ። ሆኖም አጭሩ ቶሎ ስለሚባዛ፣ ዲኤንኤው ጥቂት ሲሆን 941ን ሊያስደበዝዘው ይችላል፤ የተጠራጠራችሁትን ዲኤንኤው በበዛበት ናሙና ድገሙ። ከ941 በላይ የሚታይ ሦስተኛ ደብዛዛ ባንድ ደግሞ ረጅሙና አጭሩ ዘንግ ተጣምረው የሠሩት ነው፤ ቅርጹ ጎባጣ ስለሆነ ይዘገያል። ተማሪው ሁለቱንም መውረሱን ያረጋግጣል እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ባንዱ ፈገግታ ሠርቷል፣ ጄሉ ለስልሷል

ሞቋል። በኤሌክትሮዶቹ መሀል በየሴንቲሜትሩ 5 ቮልት ይብቃ፤ ቡፈሩም (ጄሉ የሚጠልቅበት ፈሳሽ) ከፍሪጅ ይውጣ። ቡፈሩ በ50 እጥፍ የወፈረ ቲኤኢ ከሆነ 20 ሚሊሊትር በ980 ሚሊሊትር ውሃ ይቀጠናል፤ ሳይቀጥን ከፈሰሰ ጄሉን ያቀልጠዋል። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ጠንካራ ውሃ ነው፤ ለጄልም ለቡፈርም የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። 1.5 ግራም አጋሮዝ (የጄል ዱቄት) በ100 ሚሊሊትር ቡፈር ሁለቱን ባንዶች በደንብ ይለያል።

የውሃው ቲዩብ ባንድ አውጥቷል

የተከፈተውን ማስተር ሚክስ፣ ፕራይመርና ውሃ ጣሉ። ጠረጴዛውንና ፒፔቱን 1 ለ 10 በቀጠነ በረኪና ጥረጉ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በውሃ አንሱት። የፒሲአር ውጤት የሚከፈትበት ጠረጴዛና ፒፔት ማስተር ሚክስ ከሚቀላቀልበት ይለይ።

ውጤቱ «ወተት አይስማማህም» ይላል፣ ተማሪው ግን የግመል ወተት ጠጥቶ ያደገ ነው

አንዳንድ ኮርስ በፒቪ92 ፈንታ የወተት ስኳር የመፍጨት ችሎታን ያያል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ኪቱ (ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መፈተሻ) ነው። በአውሮፓ የተለመደው ለውጥ በኤምሲኤም6 ጂን ውስጥ ያለው −13910 ቲ ነው (ቁጥሩ ቦታውን፣ ቲ ፊደሉን ያሳያል)፤ ብዙ ፈተና እሱን ብቻ ይጠይቃል። በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ አገር ግን ያንኑ ሥራ የሚሠሩት እንደ −13907 ጂ እና −13915 ጂ ያሉ ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ከመጠየቅ አካባቢውን በሙሉ በፒሲአር አባዝታችሁ ሲኩዌንስ (ፊደል በፊደል ንባብ) አሠሩ። ያ ካልተቻለ ሪፖርቱ ላይ «−13910 ቲ አልተገኘም» ብቻ ይጻፍ፤ ስለ ተማሪው ሆድ ምንም አይባል።

ቲዩቡ ላይ ስም አትጻፉ። ተማሪው ራሱ ዕጣ ያወጣው ቁጥር ይበቃል፤ የማን እንደሆነም እሱ ብቻ ይወቅ። የራሱን ናሙና መስጠት ያልፈለገ በኮንትሮሉ ዲኤንኤ ይሥራ፤ ምክንያቱ አይጠየቅ፣ ነጥቡም አይቀነስ።