56 ለ 7 ብቻውን አይበቃም፦ ከውርርድ በፊት የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በኦክቶበር 2021 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ኔብራስካ ኖርዝዌስተርንን 56 ለ 7 ደቆሰው። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ ሁለቱ ቡድኖች አየርላንድ ደብሊን ላይ እንደገና ተገናኙ። ኔብራስካ ከ10 ነጥብ በላይ ያሸንፋል ተብሎ ነበር የተገመተው። ኖርዝዌስተርን 31 ለ 28 አሸነፈ።

በእርግጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጫዋች ይቀየራል። ግን 56 ለ 7ን አይቶ ብቻ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው ተበላ።

እግር ኳስ የምታዩ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ቡድን 90 ደቂቃ ሙሉ ሲያጠቃ ይውልና በአንድ መልሶ ማጥቃት 1 ለ 0 ተሸንፎ ይወጣል። ጨዋታውን ያየ ሰው «የተጫወቱትስ እነሱ ነበሩ» ይላል። ውጤቱን በስልክ ብቻ ያየው ደግሞ ቡድኑ ደክሟል ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት በተቃራኒው ቲኬት ይቆርጣል። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ይሄ ይብሳል። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ ሁሉንም ማየት የሚችል ሰው ስለሌለ አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በውጤት ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው ደግሞ 12 ጨዋታ ብቻ ነው። 12 ጨዋታ ዕድልን ከችሎታ ለመለየት አይበቃም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከገፋ እንደገና አራት ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ታችዳውን፣ ኳሱን ይዞ የተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ ውስጥ መግባት ማለት ነው፣ 6 ነጥብ ነው፤ ከኋላው በእግር የምትመታው ኳስ 1 ትጨምራለች። ፊልድ ጎል፣ ኳሱን በእግር መትቶ በጎሉ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ፣ 3 ነው። ለመጀመር ይሄ ይበቃል።

1. ድራይቮቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ

አንድ ቡድን ኳሱን ከያዘበት ቅጽበት እስኪያጣው ድረስ ያለው ጉዞ ድራይቭ ይባላል። በአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ወደ 12 ገደማ ድራይቭ ያገኛል። ኢኤስፒኤን ላይም ሆነ በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ገጽ ላይ የድራይቮቹ ዝርዝር በነፃ ይገኛል። ውጤቱን ለጊዜው እርሱትና ዝርዝሩን ክፈቱ።

ለእያንዳንዱ ድራይቭ ሦስት ነገር ጻፉ። ከየት ተነሳ? የት ደረሰ? እንዴት አለቀ? ከራሱ ሜዳ 20 ያርድ ላይ ተነስቶ 80 ያርድ ገፍቶ ታችዳውን ያስቆጠረ ቡድንና ተጋጣሚው የጣለውን ኳስ 15 ያርድ ላይ አንስቶ ያስቆጠረ ቡድን ውጤት ሰሌዳው ላይ እኩል 7 ነጥብ አላቸው። የመጀመሪያው ማጥቃት ይችላል። ስለ ሁለተኛው ግን ገና ምንም አላወቅንም።

ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ስንት ጊዜ የተጋጣሚውን 40 ያርድ መስመር አልፎ እንደገባ ቁጠሩ። ስምንት ጊዜ ገብቶ 17 ነጥብ ብቻ ይዞ የወጣ ቡድን ኳሱን መግፋት አልከበደውም፤ የከበደው መጨረስ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለሚቀጥለው ሳምንት ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ ቁጥር ነው። ደጋግሞ የሚገባ ቡድን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ማስቆጠሩ አይቀርም።

2. ዕድልን ከችሎታ ለዩ

የፉትቦል ኳስ ሞላላ ነው። ከተጫዋች እጅ አምልጦ መሬት ሲመታ ወዴት እንደሚነጥር ማንም አያውቅም። እንዲህ ሲያመልጥ ፋምብል ይባላል። ኳሱን ከተጫዋች እጅ መትቶ ማስጣል ችሎታ ነው። መሬት ላይ የወደቀውን ማን ያነሳዋል የሚለው ግን በረጅም ጊዜ ሲታይ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ አራት ፋምብል ወድቆ አራቱንም ያነሳ ቡድን ስታዩ፣ ያ ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደገማል ብላችሁ አትጠብቁ።

የተወረወረን ኳስ መንጠቅ፣ ማለትም ኢንተርሴፕሽን፣ ትንሽ ይለያል። ደጋግሞ የሚያስነጥቅ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ችግሩ ራሱ ላይ ሊሆን ይችላል። የተነጠቀውን ኳስ ይዞ እስከ መጨረሻው ሮጦ ማስቆጠር ግን በየሳምንቱ የሚሆን ነገር አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ ዲሴምበር 31 ቀን 2022 የተደረገው የቲሲዩና (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) የሚቺጋን ግማሽ ፍጻሜ ነው። ቲሲዩ 51 ለ 45 አሸነፈ። ያርዱን ስታዩ ግን ሚቺጋን 528፣ ቲሲዩ 488 ነው። ቲሲዩ ሁለት ጊዜ ከሚቺጋን ኳርተርባክ ኳስ ነጥቆ ታችዳውን አስቆጥሯል። ይሄ ብቻ አጥቂዎቹ ሜዳ ሳይገቡ የመጣ 14 ነጥብ ነው። ሚቺጋን ደግሞ አንዴ በአራተኛ ሙከራ ጎል አፍ ላይ ከሸፈበት፣ አንዴ እዚያው ጎል መስመሩ ጋ ኳስ ጣለ። በስድስት ነጥብ ላለቀ ጨዋታ ይሄ ሁሉ በጣም ብዙ ነው። ቲሲዩ ጎበዝ ቡድን ነበር፣ በመደበኛው ወቅት 12ቱንም ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ከእነዚያ ድሎች ብዙዎቹ ግን ለጥቂት የተገኙ ነበሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለዋንጫ ጆርጂያን ገጠመና 65 ለ 7 ተሸነፈ። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው 65 ለ 7 ብሎ ባይገምትም፣ የቲሲዩ የኋላ በር ክፍት እንደነበር ግን ማየት ይችል ነበር።

3. ያርዱን በሙከራ ብዛት አካፍሉ

«500 ያርድ አገኘ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ያታልላል። 95 ጊዜ ሞክሮ ያገኘና 65 ጊዜ ሞክሮ ያገኘ እኩል አይደሉም። ጠቅላላ ያርዱን ለሙከራ ብዛት አካፍሉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። በኮሌጅ ስታትስቲክስ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ወደ ኋላ ተይዞ ሲወድቅ፣ የጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫ ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚቀነሰው ከውርወራ ነው። ስለዚህ «30 ሩጫ፣ 90 ያርድ» የሚል ስታዩ ቡድኑ መሮጥ አይችልም ብላችሁ አትፍረዱ። ከ30ዎቹ ውስጥ አምስቱ ኳርተርባኩ የተያዘባቸው ከሆኑና 40 ያርድ ከወሰዱ፣ እውነተኛው ሩጫ 25 ሙከራ በ130 ያርድ ነው። በአንድ ሩጫ 3 ያርድ የመሰለው 5.2 ሆነ ማለት ነው። ይሄ ቡድን በደንብ ይሮጣል፤ ችግሩ ኳርተርባኩን የሚከላከሉት ልጆች ናቸው። ለሚቀጥለው ጨዋታ የምትሰጡት ግምት በዚህ ምክንያት ብቻ ሊቀየር ይችላል።

4. ጨዋታው ካለቀ በኋላ የተቆጠረውን አውጡ

አንድ ቡድን በአራተኛው ሩብ 35 ነጥብ እየመራ ከሆነ ዋናዎቹን ተጫዋቾች ያስወጣል። ተሸናፊው በተቀያሪዎች ላይ ሁለት ታችዳውን ያስቆጥርና 49 ለ 14 የነበረው 49 ለ 28 ሆኖ ያልቃል። እነዚያን ድራይቮች ሰርዙና እንደገና ደምሩ። ተቃራኒውም አለ፤ አንዳንድ አሰልጣኝ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አይራራም። ስለዚህ የማንን ተጫዋቾች በየትኛው ሰዓት እንዳያችሁ እወቁ።

5. ኦቨርታይምን ከሂሳቡ ቀንሱ

በኮሌጅ ኦቨርታይም፣ እኩል ሲያልቅ በሚጨመረው ጨዋታ ማለት ነው፣ ቡድኖቹ የሚነሱት ከተጋጣሚያቸው 25 ያርድ ላይ ነው። ጎሉ አፍንጫቸው ሥር ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ነጥብ ይዘንባል። ኖቬምበር 24 ቀን 2018 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ከሰባት ኦቨርታይም በኋላ 74 ለ 72 አሸነፈ። መደበኛው ሰዓት ያለቀው 31 ለ 31 ነበር። 146 ነጥብ አይቶ «እነዚህ መከላከል የሚባል ነገር አያውቁም» ያለ ሰው፣ 84ቱ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ የመጡ መሆናቸውን አላየም። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፣ አሁን ከሦስተኛው ኦቨርታይም ጀምሮ ቡድኖቹ በየተራ አንድ አንድ የሁለት ነጥብ ሙከራ (ጎሉ አጠገብ ተነስተው በአንድ ሙከራ ለመግባት) ብቻ ያደርጋሉ። ቢሆንም በ2024 ጆርጂያ ጆርጂያ ቴክን በስምንት ኦቨርታይም 44 ለ 42 ሲያሸንፍ መደበኛው ሰዓት ያለቀው 27 ለ 27 ነበር። በጠቅላላ ነጥብ ላይ የምትወራረዱ ሰዎች ይሄንን በተለይ ልብ በሉ።

6. የኔብራስካ ወጥመድ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እስካሁን የተናገርኩትን የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነውና።

ኔብራስካ በ2021 ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈት በ9 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ነበር። የዓመቱ የነጥብ ድምር ግን 63 ትርፍ ያሳያል! ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ካስተናገደው በላይ አስቆጥሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ይሄ ቡድን ዕድሉ ጠማማ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይስተካከላል» አለ።

አልተስተካከለም። በ2022 ደብሊን ላይ በኖርዝዌስተርን ተሸንፎ ጀመረ፣ በሴፕቴምበር ጆርጂያ ሳዘርን በገዛ ሜዳው 45 ለ 42 ሲያሸንፈው አሰልጣኙ ስኮት ፍሮስት በማግሥቱ ተባረረ። ዓመቱን አራት አሸንፎ ስምንት ተሸንፎ ጨረሰ።

ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? 63ቱን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ፎርድሃምን 52 ለ 7፣ በፋሎን 28 ለ 3፣ ኖርዝዌስተርንን 56 ለ 7። ሦስቱ ድሎች ብቻ 119 ነጥብ ትርፍ ሰጥተዋል። በቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች 56 ነጥብ ከስሯል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሽንፈቶቹ እንዴት መጡ የሚለው ነው። ሚቺጋን ስቴት በሁለተኛው አጋማሽ በማጥቃት 14 ያርድ ብቻ አግኝቶ እንኳ፣ በእግር የተመታን ኳስ ይዞ 62 ያርድ ሮጦ ባስቆጠረው ታችዳውን እኩል ሆኖ በኦቨርታይም አሸነፈ። ከአዮዋ ጋር ሲጫወት ኔብራስካ 21 ለ 6 ይመራ ነበር። በእግር የመታው ኳስ ተደርቦበት ታችዳውን ሆነ፣ 28 ለ 21 ተሸነፈ። አንድ ጊዜ ሲሆን ዕድል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያው ዓይነት ጨዋታ ሲደጋገም የልምምድና የአሰልጣኝ ጉዳይ ነው። ደብሊን ላይም 28 ለ 17 እየመራ አሰልጣኙ ኳሱን መልሶ ለመያዝ ድንገተኛ አጭር ምት አስመታ፣ ኳሱን ኖርዝዌስተርን ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ ኔብራስካ አላስቆጠረም።

ስለዚህ «ዕድለ ቢስ» የምትሉትን ቡድን ሁሌም ጠይቁት። መጥፎው ነገር የመጣው ከተለያየ ቦታ ነው ወይስ ከአንድ ቦታ?

7. መስመሩን የምታዩት መጨረሻ ላይ ነው

አወራራጆቹ የሚያወጡትን የነጥብ ልዩነት፣ ስፕሬዱን ወይም መስመሩን ማለቴ ነው፣ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ቁጥር ጻፉ። እሁድ ከሰዓት መስመሮቹ ሲወጡ ከእናንተ ጋር አስተያዩ። ብዙ ጨዋታ የሚያልቀው በ3 ወይም በ7 ነጥብ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ2.5 ወደ 3.5 የሚደረግ እንቅስቃሴ ከ9 ወደ 10 ከሚደረገው በጣም ይበልጣል።

መስመሩን የሚያወጡት ሰዎች ከላይ ያልኩትን ሁሉ ያውቃሉ፣ ከእኛም በተሻለ ያሰላሉ። የእናንተ ግምት ከእነሱ በ10 ነጥብ ከራቀ መጀመሪያ ያመለጣችሁን ነገር ፈልጉ። ኳርተርባኩ ተጎድቶ ይሆናል።

ሂሳቡም ይታወቅ። በተለመደው ዋጋ 100 ዶላር ለማግኘት 110 ታስይዛላችሁ። ከ100 ውርርድ 52 አሸንፋችሁ 48 ብትሸነፉ 80 ዶላር ከስራችኋል። ትርፍ የሚጀምረው 53ኛው ላይ ነው። ይሄ ለባለሙያም ከባድ ነው፣ ስለዚህ የቤት ኪራይ፣ የእቁብ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይገባም። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ በግዛቷ ኮሌጆች ቡድኖች ላይ መወራረድ በሕግ የተከለከለ መሆኑን እወቁ፤ ቨርጂኒያ ቴክን ብትወዱት ማየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት ጀምሩ። በየሳምንቱ አራት አምስት ጨዋታ መርጣችሁ ቁጥራችሁን፣ መስመሩንና ምክንያታችሁን ጻፉ። ከጨዋታው በኋላ ውጤቱን ብቻ አትመዝግቡ፤ ድራይቮቹን እንደገና ክፈቱና ምክንያታችሁ ሜዳ ላይ ታይቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ቢያንስ 50 ግምት ሳይሞላ አንድ ዶላር አታስይዙ።