ተቀራራቢ ሶፍትዌሮችን በአንድ የጋራ መሠረት ላይ እንዴት ማስተዳደር ይቻላል

ለአንድ ትምህርት ቤት የደመወዝ ማስያ ሶፍትዌር ሠሩ እንበል። ሥራው ተወደደና አንድ ፋብሪካም ፈለገው። ፋብሪካው በፈረቃ ስለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ስሌት ያስፈልገዋል፤ የኮዱን ማኅደር ቀድተው፣ የጎደለውን ጨምረው አስረከቡ። ቀጥሎ የመጣው የእርዳታ ድርጅት ደግሞ ሪፖርቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚፈልግ ሌላ ቅጂ ተሠራ። ይህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ፈጣን ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚገባበትም ለዚህ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሕግ ሲለወጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን ወርሃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ለየደንበኛው ቅጂ የያዘ ሰው ያንኑ የግብር ሠንጠረዥ በየቅጂው እየገባ ማስተካከል ግድ ይሆንበታል። አንዱን ከዘነጋ፣ በወሩ መጨረሻ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች በሙሉ ደመወዛቸው ተሳስቶ ይወጣል።

መውጫው ሶፍትዌሮቹን እንደ አንድ ቤተሰብ መያዝ ነው። የጋራው ኮድ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ልዩነት ደግሞ ስም ወጥቶለት በአንድ ቦታ ብቻ ይኖራል። የሶፍትዌር ምህንድስና ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ፕሮግራም ቤተሰቦች በጻፈው ጥናት መጀመሪያ የጋራውን ባሕርይ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ልዩ ባሕርይ ማጥናት እንደሚበጅ አስረድቷል። ቅደም ተከተሉ ዛሬም ያው ነው።

1. ልዩነቶቹን መዝግበው ምክንያታቸውን ይጠይቁ

በአንድ ሠንጠረዥ በአግድም ደንበኞችዎን፣ በቁልቁል ሶፍትዌሩ የሚሠራቸውን ነገሮች ይጻፉ፦ ግብር፣ ጡረታ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የዘመን አቆጣጠር፣ የበጀት ዓመት መነሻ፣ የሪፖርት ቋንቋ። ልዩነት ባለበት መስመር ሁሉ «ለምን ተለያየ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው።

አንዳንዱ ልዩነት የደንበኛው እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ ፈረቃ ያለው ፋብሪካና ፈረቃ የሌለው ትምህርት ቤት በዚህ ይለያያሉ። አንዳንዱ የአጋጣሚ ልጅ ነው፤ በአንዱ ቅጂ ሳንቲሙ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች የሚጠጋጋው ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ስለጻፉት ብቻ ነው። በእኔ እይታ በቅጂ ከተራባ ኮድ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ይኸኛው ነው። ያለ ርኅራኄ ያጥፉት።

ሦስተኛው የጊዜ ልዩነት ነው፤ በደንብ ሊታይ የሚገባውም እሱ ነው። የግብር ሠንጠረዡ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ቢሆንም ከወር ወር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በየደንበኛው ፋይል ውስጥ አያስገቡት። በጋራው ኮድ ውስጥ አስቀምጠው እያንዳንዱን ሠንጠረዥ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጋር ያያይዙት፤ አሮጌውንም አይሰርዙት። ስሌቱ ሲጀመር «ለየትኛው ወር?» ብሎ ይጠይቅ። 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ግብሩ በቀድሞው ሠንጠረዥ 2,045 ብር፣ በአዲሱ 1,650 ብር ነው። ኦዲተር መጥቶ ያለፈ ዓመት ደመወዝ እንደገና ይሰላ ቢል፣ ሶፍትዌሩ ያኔ የወጣውን ቁጥር መልሶ ማውጣት አለበት።

2. አማራጮቹን ከነሕጋቸው ይጻፉ

የቀሩት እውነተኛ ልዩነቶች አማራጮች ይባሉ። ኪዮ ካንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም ያወጡት ዘዴ እነዚህን በዛፍ መልክ ይሥላል፦ ግዴታ የሆነው፣ ሊኖርም ሊቀርም የሚችለው፣ ከብዙ አንዱ ብቻ የሚመረጠው። በዚህ ላይ «ይህ ካለ ያ የግድ ነው» እና «ይህና ያ አብረው አይሄዱም» የሚሉ ሕጎች ይታከላሉ። ለምሳሌ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካለ የሰዓት ፊርማ መመዝገቢያ የግድ ነው።

ለዚህ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው። ከ10,000 በላይ አማራጮች አሉት፤ በስልክም፣ በሰርቨርም፣ በቤት ኢንተርኔት ማከፋፈያም ውስጥ የሚሠራው ያው አንድ የጋራ ኮድ ነው። እያንዳንዱ አማራጭ ኬኮንፊግ በሚባለው ቋንቋ ከነጥገኝነቱ ስለተጻፈ፣ የሚያስፈልገው ነገር ያልተሟላለት አማራጭ ለምርጫ አይቀርብም።

አማራጭ ሲጨምሩ ግን ይሰስቱ። አሥር የአዎና የአይደለም አማራጮች 1,024 የተለያዩ ሶፍትዌሮች ይወልዳሉ፤ 33 ሲደርሱ ቁጥሩ ከዓለም ሕዝብ ይበልጣል።

3. የደንበኛ ስም ከጋራው ኮድ ይውጣ

ኮዱ ውስጥ «ደንበኛው ፋብሪካው ከሆነ በዚህ አስላ» የሚል መስመር ካገኙ «የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካለ በዚህ አስላ» ብለው ይቀይሩት። ፋብሪካው ይህን አማራጭ የመረጠ መሆኑ የሚጻፈው በራሱ የማዋቀሪያ ፋይል፣ ማለትም የመረጣቸው አማራጮች በሚዘረዘሩበት ፋይል ነው። ነገ ትምህርት ቤቱ የጥበቃ ሠራተኞቹን የትርፍ ሰዓት ማስላት ቢፈልግ አንድ ቃል ይለወጣል፤ ኮዱ አይነካም።

ቀንም እንደዚሁ ነው። በውስጥ በአንድ ዓይነት መልክ ያስቀምጡት፤ ወደ መስከረም ወይም ወደ ሴፕቴምበር የሚለወጠው ሲታይ ብቻ ይሁን። ጳጉሜንን አይርሱ። የወር ደመወዝተኛ በዓመት 12 ጊዜ ሲከፈለው፣ የቀን ሠራተኛ ግን በጳጉሜን ለሠራበት ቀንም ሒሳብ አለው።

4. የደንበኞችን ምርጫ በሙሉ ይሞክሩ

ሊኖሩ የሚችሉትን ሁሉ መሞከር አይቻልም፤ ያሉትን ግን ይቻላል። የሁሉም ደንበኞች ማዋቀሪያ ፋይል ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥ፤ በጋራው ኮድ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ሁሉም በራስ ሰር ይፈተሹ። ለእያንዳንዱም በእጅ የተሰላ መልስ ያዘጋጁ። የ10,000 ብሩ ሠራተኛ 1,650 ብር ግብርና በ7 በመቶ ሒሳብ 700 ብር ጡረታ ተቀንሶለት 7,650 ብር ይደርሰዋል፤ ሌላ ቁጥር ከወጣ ለውጡ ወደ ማንም ደንበኛ አይሄድም።

5. የተዋሱት ኮድ ምን እንደሚገምት ይመዝግቡ

የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በፈረንሳይ ጊያና ካለው የኩሩ ማስወንጨፊያ ተተኩሶ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ተበታተነ። አቅጣጫ የሚለካው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። አዲሱ ሮኬት የጎን ፍጥነቱ ከቀድሞው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ባለ 64 ቢቱ ቁጥር በጣም ጠባብ ወደሆነው የ16 ቢት ቦታ ሲለወጥ አልበቃውምና ሞልቶ ፈሰሰ፤ መጠባበቂያው መሣሪያም ያንኑ ኮድ ይዞ ስለነበር በተመሳሳይ ስህተት ቆመ። የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም አይጠቅምም ነበር።

ለእርስዎ የሚሆነው ይህ ነው፦ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው የሚያልፍ እያንዳንዱ የኮድ ክፍል ራስ ላይ ምን ያህል ሠራተኛ፣ ምን ያህል ትልቅ ቁጥር፣ የትኛውን ገንዘብ እንደሚጠብቅ ይጻፍበት። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲገባበት ዝም ብሎ አያስላ፤ ቆሞ ያሳውቅ።

6. ያረጀውን አማራጭ ያስወግዱ፣ ስሙንም ለሌላ አይስጡ

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። በሶፍትዌሩ ውስጥ ቀድሞ ሌላ አማራጭ ያስነሣ የነበረ ማብሪያ ለአዲስ ሥራ ተመድቦ ነበር፤ ከስምንቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አዲሱ ኮድ ስላልተጫነ፣ ማብሪያው ሲበራ እዚያ የነቃው የተረሳው አሮጌ ኮድ ሆነ። ማንም ደንበኛ የማይጠቀምበት አማራጭ ከነኮዱ ይውጣ።

ቀድሞውኑ ብዙ ቅጂ ካለዎት

ሁሉንም አፍርሰው እንደ አዲስ አይጀምሩ። ለብዙዎቹ የሚቀርበውን ቅጂ መነሻ አድርገው አንድ ክፍል ብቻ ወደ ጋራ ያምጡ፤ ሕግ ቶሎ ቶሎ የሚነካውን የግብር ስሌት ቢያስቀድሙ ይሻላል። ለአንድ ደንበኛ የአንድን ወር ደመወዝ በአሮጌውም በአዲሱም አስልተው፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ውጤት እስከ ሳንቲሙ ያነጻጽሩ። ልዩነት ከተገኘ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ይወስኑ። ሁለቱ ሲገጥሙ ያን ደንበኛ ያሻግሩና ወደሚቀጥለው ይለፉ።