ዳሊያን በጎጃም ደጋ ግቢ ውስጥ ማሳደግ

ቅጠሉ እንደ እንስላል የደቀቀውን፣ ፒዮኒ የተባለውን ቀይ አበባ በፎቶ ያየ ሰው ለግቢው ይመኘዋል። አገሩ ግን የዩክሬንና የደቡብ ሩሲያ ሜዳ፣ የካውካሰስም አካባቢ ነው። እምቡጥ ለመያዝ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ የጎጃም ውርጭ ደግሞ ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ ይጠፋል። በእሱ ከመድከም ዳሊያ መትከል ያዋጣል።

ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተወላጅ ነው። እዚያም ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ይበረታል፣ ከዚያ ረጅም ደረቅ ወቅት ይከተላል። ወፍራም ሥሩ በጋውን መሬት ውስጥ ተኝቶ ያሳልፍና ዝናብ ሲቃረብ ያቆጠቁጣል። ለደብረ ማርቆስ፣ ለዳንግላ ወይም ለእንጅባራ ግቢ የዚህን ያህል የሚስማማ የውጭ አበባ ብዙ የለም። የሚያጠፋው የክረምቱ ውሃ ነው፤ ሥሩ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

ስለዚህ ከመትከል በፊት ቦታውን ፈትኑት። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ማታ ውሃ ሙሉት። ጠዋት ውሃው ካልጠፋ እዚያ ሜዳው ላይ አትትከሉ፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ዙሪያውን ቦይ አውጡለት። መረሬ አፈር ያለበት ግቢ ያለ መደብ አይሞከርም። ቀይ አፈር ውሃ በደንብ ያሳልፋል፣ ነገር ግን በአዊና በጎዛምን ደጋ ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድና አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ ከባሕር ዛፍም ይራቅ፤ የባሕር ዛፍ ሥር እርጥበቱንም ምግቡንም ቀድሞ ይወስድበታል። ከደጋው ሞቅ በሚለው ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይሻላል።

ሥር ስትገዙ ወይም ከጎረቤት ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታዩት ዓይኑን ነው። የድንች ዓይን በየቦታው ይገኛል፤ የዳሊያ ግን ሥሩ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚያያዝበት አንገት ላይ ብቻ ነው፣ ትንሽ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ እብጠት ሆኖ። አንገቱ የተሰበረ ወይም ዓይን የሌለው ሥር ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን አይበቅልም። መሸብሸቡ አያስፈራም፤ ሲጫኑት ከለሰለሰና ከሸተተ ግን ጣሉት።

የመትከያው ጊዜ ግንቦት ነው። ከግንቦት 10 እስከ 25 ባለው ጊዜ የተተከለ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አካባቢ ያብባል፣ ከተከላ እስከ አበባ ወደ ሦስት ወር ተኩል ያህል ስለሚቆይ። ሐምሌ ላይ የሚተክል ሰው ገና ያልበቀለ ሥር ለጭቃ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሥሩን በጎኑ አስተኙት፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሁን፣ በ5 ሴንቲ ሜትር አፈር ሸፍኑትና ቡቃያው ከፍ ባለ ቁጥር ቀሪውን ሙሉ። ረጃጅሞቹ ከ60 እስከ 90፣ አጫጭሮቹ 40 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ቡቃያው እስኪወጣ ድረስ ውሃ አታጠጡ፤ ሥሩ የራሱን እርጥበት ይዟል።

ድጋፉን ከሥሩ ጋር አንድ ላይ ትከሉ። በኋላ የሚተከል እንጨት ሥሩን ይወጋዋል። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀርከሃ ይበቃል፣ ማሰሪያውንም ላላ አድርጉት።

ተክሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ከአራተኛው ጥንድ በላይ ቅጠፉ። አበባው አንድ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፤ በምትኩ አንድ ረጅም ዘንግ ቀርቶ ብዙ ቅርንጫፍ ይወጣል። ትልልቅ አበባ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በየቅርንጫፉ ጫፍ ከሚመጡት ሦስት እምቡጦች መካከለኛውን አስቀርቶ ሁለቱን ያንሣ። ዩሪያ አትጨምሩ፤ ቅጠሉ ይገንና አበባው ይቀራል፣ ሥሩም ውሃ የበዛበት ስለሚሆን በጋ ላይ አይቀመጥም።

አበባው ከጀመረ በኋላ የጠወለገውን ቶሎ ቶሎ ቅጠፉ፤ ዘር ከያዘ አዲስ እምቡጥ ማውጣት ያቆማል። አበባው ያለፈበትና ገና ያልፈካው ይመሳሰላሉ፣ ብዙ ሰውም እምቡጡን ይቆርጣል። ክብና ጠንከር ያለው እምቡጥ ነው። ያለፈበት ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል፣ ሲጫኑትም ለስላሳና እርጥብ ነው። ለአበባ ማስቀመጫ የሚቆረጠው በማለዳ፣ በደንብ ከፈካ በኋላ ነው፤ እምቡጡ ከተቆረጠ በኋላ አይፈካም።

ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ቡቃያውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ማታ በባትሪ መልቀም ከሁሉም ይሠራል፤ አመድ ዙሪያውን መነስነስ ዝናብ እስኪመታው ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ነጭ ዱቄት ከለበሰ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥታችሁ አየር አሳልፉለት። ክሽክሽ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። የሚያሳስበው ግን ክሽክሽ የሚያዛምተው ቫይረስ ነው፦ የቅጠሉ ደም ሥር ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉም ይቀጭጫል። መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ ቢላዋውንም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲመታው ግንዱ ይጠቁራል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። መደቡ ውሃ የማያቁር ከሆነ ሥሩን እዚያው መተው ይቻላል፤ ገለባ አልብሱትና እስከ ግንቦት ውሃ አታጠጡት። በየሦስት ዓመቱ ግን ወጥቶ ካልተከፈለ እየተጨናነቀ አበባው ያንሳል። ለመክፈል ምቹው ጊዜ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ያኔ ዓይኖቹ ያብጡና በደንብ ይታያሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሥር፣ አንገቱንና አንድ ዓይን ይያዝ። ቁስሉን አመድ ነስንሱበትና ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ካደረቃችሁ በኋላ ትከሉ።

ፍልፈል ባለበት ግቢ ሥሩን መሬት ውስጥ መተው አይታሰብም። ግንዱ ከደረቀ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ በሹካ መቆፈሪያ ከሩቅ ጀምራችሁ አውጡት፣ አፈሩን አራግፉና ግንዱን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ለጥቂት ቀናት አድርቁት። ከዚያ በደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በተሞላ ካርቶን፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። በወር አንዴ ክፈቱና የበሰበሰ ካለ ሌላውን ሳይበክል አንሡ፤ ከመጠን በላይ የተሸበሸበ ካለ ሰጋቱራው ላይ ትንሽ ውሃ እርጩበት።