ከጅማ ሆኖ በስደተኞችና በፍልሰት ፖሊሲ የፖስትዶክ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ፒኤችዲውን ጨርሶ ጅማ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቴሌግራም ላይ አምስት የስኮላርሺፕ ቻናል መቀላቀል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ለስምንት ወር ያህል ማስታወቂያ ሲጎርፍ እያየሁ ከረምኩ፤ አንድም ቦታ ግን አላመለከትኩም። ፖስትዶክን እንደ ስኮላርሺፕ ቆጥሬው ነበር። ፖስትዶክ ከፒኤችዲ በኋላ የሚያዝ ቅጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ፣ ደመወዝ ወይም አበል ያለው የምርምር ሥራ። ተቀባዩ ፕሮፌሰር የሚያስተምረው ተማሪ ሞልቶታል፤ የሚፈልገው የጀመረውን ሥራ አንድ እርምጃ የሚያስኬድለት ባልደረባ ነው።

መጀመሪያ፦ ዲግሪው ስንት ዓመት ሆነው?

ፌሎሺፖች (ለፖስትዶክ ገንዘብ የሚሰጡ ፕሮግራሞች) ዕድሜያችሁን አይጠይቁም፤ ዶክትሬቱ ከተያዘ ስንት ዓመት እንዳለፈው ግን ይቆጥራሉ። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን በፖስትዶክ ደረጃ ለሚያመለክቱ የሚፈቅደው እስከ 4 ዓመት ነው። ፍሎረንስ ያለው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት የማክስ ዌበር ፕሮግራም 5 ዓመት፣ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክዎዶፍስካ ኪዩሪ ፌሎሺፕ ደግሞ 8 ዓመት ይሰጣሉ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ኅዳር 2013 የተመረቀ ሰው በእነሱ 2020 ነው፤ ሰኔ 2013 የተመረቀው ግን 2021። ሁለቱም ማስረጃ ላይ «2013» ነው የሚለው።

ቀጥሎ፦ «ስደተኛ» ስትሉ ማንን ነው?

ይህ የአማርኛችን ጣጣ ነው። ዓረብ አገር የሄደችው የጎረቤት ልጅም ስደተኛ ናት፣ ከደቡብ ሱዳን ሸሽቶ ጋምቤላ የተጠለለውም ስደተኛ ነው። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ሁለተኛውን የሚመለከቱት የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት፣ በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትና የእኛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ናቸው። ልጅቷን የሚመለከታት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ ሳዑዲ ስትደርስ ደግሞ የዚያ አገር የሥራና የመኖሪያ ሕግ ይጨመራል። ተፈናቃዩ፣ ጥገኝነት ጠያቂውና ከስደት ተመላሹም የየራሳቸው መደብ አላቸው። አማርኛው ውስጥ የተደባለቀው ነገር ወደ እንግሊዝኛው ፕሮፖዛል ተደባልቆ ከገባ፣ ገምጋሚው ከሁለተኛው ገጽ አያልፍም።

መደቡን ከለያችሁ በኋላ ጥያቄውን አጥብቡ። «የኢትዮጵያ የስደተኞች ፖሊሲ፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥርም። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ መደርደሪያ ነው። በምትኩ እንዲህ በሉ፦ አዋጁ ስደተኞች እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ጋምቤላ ገበያ ላይ የሥራ ፈቃድ በያዘና ባልያዘ ስደተኛ መካከል የገቢ ልዩነት አለ ወይ? ይህን በሁለት ዓመት መመለስ ይቻላል፣ ምን ዳታ እንደሚያስፈልገውም ይታወቃል።

ጅማ መሆናችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ያሉበት ክልል ያደርሳል። በሌላ በኩል በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ልጁን ሳዑዲ ያልላከ መንደር ማግኘት ይከብዳል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ (በፈረንጅ) ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የገቡት እንዲህ ወዳሉ መንደሮች ነው። ለአንድ የአውሮፓ ተመራማሪ የወራት ዝግጅትና አስተርጓሚ የሚጠይቀውን እናንተ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ትጀምሩታላችሁ። ይህን በፕሮፖዛሉ ውስጥ በግልጽ ጻፉት፤ ጉራ አይደለም።

ጸጥታው መስክ መውጣት ካልፈቀደ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) የማይክሮዳታ ላይብረሪ ማንነት የሚገልጽ መረጃ የተወገደባቸውን የቤተሰብ ጥናቶች ተመዝግቦ ዓላማውን ለሚገልጽ ተመራማሪ በነፃ ይሰጣል።

ከዚያ፦ ሰው ፈልጉ

ይህ ዋናው ሥራ ነው፤ ጊዜያችሁን ግማሽ ያህሉን እዚህ አውሉት። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ደጋግማችሁ የጠቀሳችኋቸውን አምስት ስሞች አውጡና አሁን የት እንደሚሠሩ፣ ምን ፕሮጀክት እንደያዙ ተመልከቱ። ኦክስፎርድ ከ1982 ጀምሮ የስደተኞች ጥናት ማዕከል አለው። ቶሮንቶ ውስጥ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ በዊትስ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የፍልሰትና ኅብረተሰብ ማዕከል አሉ። ስታንፎርድና ዙሪክ ያለው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚያስኬዱት የኢሚግሬሽን ፖሊሲ ላብ ደግሞ ቁጥርና ስታትስቲክስ ላይ ያተኩራል፤ በቃለ መጠይቅ ብቻ የሠራ ሰው እዚያ ባይደክም ይሻለዋል።

ደብዳቤው ላይ አብዛኞቻችን እንወድቃለን። «እኔ ታታሪና ትጉህ ተመራማሪ ስሆን በታዋቂው ዩኒቨርሲቲዎ የመማር ሕልም አለኝ» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ለመቶ ሰው የተላከ መሆኑ ያስታውቃል። የሚሠራው እንዲህ ዓይነት ነው፤ በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም ይዘቱ ይህ ይሁን፦

«በካምፕ ስለሚኖሩ ስደተኞች ገቢ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እኔ የማጠናው ከካምፕ ወጥተው ከተማ የሚኖሩትን ነው፤ የእርስዎ ግኝት እዚያ የሚገለበጥ ይመስለኛል። በመስከረም ለሚዘጋው የማሪ ኪዩሪ ጥሪ አብረን ማመልከት ይቻል እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው። የአንድ ገጽ ሐሳብና ሲቪ አያይዣለሁ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለመስከረም ጥሪ ከሆነ ይህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይላክ፤ ከዚያ ወዲያ ጥሩ ጥሩዎቹ ሌላ ሰው ይዘዋል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ። እኛ «ማስቸገር ይሆንብኛል» ብለን በይሉኝታ እንቀራለን፤ እነሱ ግን ኢሜይሉ ከሥር ስለተቀበረ ብቻ ሊሆን ይችላል ያልመለሱት።

የት ይመለከታል?

የተዘጋጀ ፕሮጀክት ላይ የሚቀጥሩ ማስታወቂያዎች ለአውሮፓ በዩራክሰስ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። የራሳችሁን ሐሳብ ይዛችሁ የምትገቡባቸው እነ ሁምቦልትና ማሪ ኪዩሪ ናቸው፤ የኋለኛው ወደ አውሮፓ የሚወስደው ዘርፍ ለማንኛውም ዜግነት ክፍት ነው። ነገር ግን ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ አይገባም፤ ፒኤችዲውን ቤልጅየም ሠርቶ ገና የተመለሰ ሰው ሌላ አገር ይፈልግ። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ያለው የስቴለንቦሽ የከፍተኛ ጥናት ተቋም ለወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የሚሰጠው ኢሶ ሎምሶ ፌሎሺፕ አለ። «ለምዝገባ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ግን አጭበርባሪ ነው፣ እለፉት።

ፕሮፖዛሉ

ማሪ ኪዩሪ ዋናውን ሐሳብ በ10 ገጽ ይወስነዋል፤ ከነጥቡ 50 ከመቶ ለሳይንሳዊ ጥራት፣ 30 ለሚያመጣው ለውጥ፣ 20 ለአፈጻጸም ነው። በእኛ ዘርፍ አመልካቾች የሚያቃልሉት የሥነ ምግባሩን ክፍል ነው። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ራሽኑ የሚመጣው እንግዳ ከሚያስገቡት ሰዎች እጅ ስለሆነ፣ «አልመልስም» ማለት ይከብደዋል። ይህን እንዴት እንደምትይዙት ጻፉ። ስሞቹ የት ይቀመጣሉ? ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የመግቢያ ፈቃድ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ በየትኛው ወር ይወጣል? ወሩን በሥራ ዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ አስፍሩት።

ስምና ወረቀት

እኔ የአባቴ ስም ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤስ፣ የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ በአንድ ኤስ ስለሆነ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው ነህ ብሎኝ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ፤ 350 ኪሎ ሜትር መሄጃ ብቻ። ጅማ ላይ ነገሩ ይብሳል። «ጫላ» የሚለው ስም በቁቤ በ«ሲ» ጀምሮ በድርብ «ኤ» ይጻፋል፤ ዲግሪው ላይ ግን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ«ሲኤች» ይገኛል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ያዙና ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጥታችሁ ሌላውን አጻጻፍ እዚያ አስመዝግቡ። የማስተማር ሥራ ካላችሁ የፈቃድ ጥያቄውን ለትምህርት ክፍሉ ቀድማችሁ አንሱ፤ ውጤት ከመጣ በኋላ ሲጠየቅ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሊሰበሰብ ሲል ሴሚስተሩ ያልቃል።

የመዝጊያው ሰዓት

በ2024 የማሪ ኪዩሪ ጥሪ የተዘጋው ሴፕቴምበር 11 ነበር፤ በእኛ የ2017 ዕንቁጣጣሽ። ሰው ዶሮ እየበለተ ፕሮፖዛል አይጭንም። ሰዓቱም በብራስልስ 17፡00 ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። መብራትና ኔትወርክ እንደ ልብ ስላልሆነ ለጳጉሜ 1 ያለቀ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፊደል መልቀም ብቻ ይሁን።

ውጤቱ የሚሰማው በፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። ነጥባችሁ ከተወሰነው ወለል በታች ከሆነ (በ2024ቱ ጥሪ 70 ነበር) በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ያልበሰለ ነገር «ለሙከራ» አትላኩ። ካለፈም ከወደቀም የገምጋሚዎቹ አስተያየት ይላካል። እኔ የመጀመሪያውን ሳላነብ ዘግቼው ነበር። በዓመቱ ስከፍተው «አመልካቹ ከካምፑ ነዋሪዎች ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር አልገለጸም» ይላል። ኑዌርኛ የሚናገር ረዳት እንዳለኝ አንድ መስመር መጻፍ ነበር የቀረኝ።